ድል የቀናቸውና የምንቀናባቸው

ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን አንዱ በቦሳ ኪቶ ከሚያስተምራቸው ወጣቶች ጋር ለምስጢረ ንስሓ ዝግጅት ተቀምጦ ሳለ ያልጠበቀው ጥያቄ ቀረበለት። «ሁልጊዜ የሚያሸንፍን የእግር ኳስ ቡድን መጥላት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ወጣቶቹ ሳቁ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ፤ ጠያቂው ልጅ ግን አልሳቀም። መምህሩ መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፎ ጥያቄውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እኛም መጀመሪያ ፈገግ ብለን ልናልፈው ቃጥቶን ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ አልለቀቀንም። ልጁ የጠየቀው ስለ ኳስ ይምሰል እንጂ፣ በመሠረቱ የጠየቀው ሌላው ሰው ሲሳካለት በውስጣችን ስለሚነሣው ስሜት ነው። ይህ ደግሞ ጎረቤት የጎረቤቱን የቡና ማድረቂያ አልጋ አሻግሮ እያየ በሚኖርበት በዚህ አገር ከመካከላችን አንዱንም የማይመለከት ጉዳይ አይደለም።

የትኛውን ቡድን ማለቱ እንደሆነ ልጁን መጠየቅ አላስፈለገም። በአገራችን «ሁልጊዜ የሚያሸንፍ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። (ስሙን ለክለቡ የሰጠው ሰማዕት በዚህ ክርክር ውስጥ እጁ እንደሌለበት አስቀድመን እናስታውስ።) ክለቡ የአገሪቱን የሻምፒዮናነት ክብር 30 ያህል ጊዜ ተቀዳጅቷል፤ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ብቻ እንኳ አራት ዋንጫዎችን በተከታታይ ወስዷል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ግን ብዙዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ልባቸውን የሰጡት ለኢትዮጵያ ቡና ነው። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተ የአዲስ አበባ ክለብ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ስሙ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ ቡና ለቅሞና አድርቆ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ስም እንደ ዘመድ ስም ነው። እኛም ያደግነው በዚሁ ፍቅር ነው። ነገር ግን ውድድሩ በ1990 ዓ.ም. አሁን በሚታወቅበት የሊግ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ቡና ዋንጫውን ያነሣው በ2003 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ያህል ዓመት የሌላውን ጭፈራ ሲያዳምጥ በኖረ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚከማች መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ብዙዎች የሚጠሉት ይህ ቡድን ግን በአንድ ወቅት እንዴት ይታይ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች አማካይነት ሲሆን፣ ወቅቱም የጣሊያን ጦር አገራችንን የወረረበት ወቅት ነበር። በወረራው ዘመን በሌላ ስም እንዲጫወት ተገድዶ እንደነበረ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲካሄድ፣ ተፎካካሪዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩት የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣሊያኖች ቡድኖች፣ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት ያገለገሉት በዚሁ ክለብ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ለጊዮርጊስ ያጨበጨበ ኢትዮጵያዊ ለትንሹ ወገን፣ ለተገፋው ወገን ያጨበጨበ መስሎት ነበር፤ እውነትም ነበረው። ስሙ ያው ነው፣ ከተማው ያው ነው። የተለወጠው ቡድኑ በሰንጠረዡ ላይ የተቀመጠበት ስፍራ ብቻ ነው። ደካማ ሳለ የተወደደው ሲበረታ ተጠላ። ይህ ለምን እንደሚሆን ነው ልጁ የጠየቀን።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ አንድ አስገራሚ ነገር ያሳየናል። የስፖርት ዜና አንባቢው «ባለሜዳዎቹ ድል ቀንቷቸዋል» ይላል። የተሸነፈው ጎረቤት ደግሞ «ቀንቶባቸዋል» ይባላል። ለአንዱ መሳካት፣ ለሌላው የልብ መቃጠል፤ ጆሮ ግን ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ ቅናትንና ምቀኝነትን አንድ አያደርጋቸውም። «መንፈሳዊ ቅናት» ስንል የምናመሰግነው ነገር ነው፤ የሌላውን ትጋት አይቶ እኔም ልትጋ ማለት ነው። «መንፈሳዊ ምቀኝነት» የሚል ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ቅናተኛ ሌላው ያገኘውን ለራሱም ይፈልጋል፤ ምቀኛ ግን እርሱ ባያገኘውም እንኳ ሌላው እንዲያጣው ይፈልጋል። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው የአበው አባባልም ምቀኛ የሚያጣው የሚያስቀና ነገር የሌለው ሰው ብቻ መሆኑን ተረድቶ የተነገረ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ይህን አባባል በደስታ ሊቀበሉት ይችላሉ።

በዘርዐ ክህነት ሳለን ያጠናነው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሌላው ሰው መልካም ነገር ማዘን አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምራል። የሌላው መበርታት ይጎዳኛል ብሎ የሚያዝን ሰው የሚያዝነው ከፍርሃት የተነሣ ነው። ሌላው ያለው እኔ ለምን የለኝም ብሎ የሚያዝን ደግሞ ነገሩ በእርግጥ መልካም ከሆነ ሊመሰገን ይችላል። ያገኘው ሰው የማይገባው ነው ብሎ የሚያዝንም አለ። ይህን አሪስጣጣሊስ የጨዋ ሰው ስሜት አድርጎ ሲቆጥረው፣ ቶማስ ግን ጠንቀቅ ብሎ ነው የሚያየው። ምቀኝነት በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየው ነው፤ ሌላው መልካም ስላገኘ ብቻ የእኔ ክብር የጎደለ መስሎኝ የማዝነው ሐዘን።

ይህ ክፍፍል በመጽሐፍ ላይ ግልጽ ነው። በስታዲየም ደረጃዎች ላይ ግን አራቱም ስሜቶች አንድ ዓይነት ማልያ ለብሰው፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው፣ አንድ ዓይነት ዜማ ያሰማሉ። ከዚህም የተነሣ ባለቤቱ እንኳ የትኛው እየጮኸበት እንደሆነ አይለየውም።

እርግጥ ነው፣ ደጋፊው የሚያቀርበው አቤቱታ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ገንዘብ ያለው ክለብ ከትንሹ ክለብ ጥሩ ተጫዋች ይወስዳል፤ ተጫዋቹ ሄዶ የቀድሞ ቡድኑን ያሸንፋል። በክፍለ ሀገር ያለ ክለብ ልጁን ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጎ፣ ሲበስል ለሌላው ያስረክባል። ይህ ቡናውን አሳድጎ ዋጋው በሌላ ቦታ ሲቆረጥ ለኖረ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቁጣውም ከየት እንደሚመጣ ይገባናል። ዳኞችም ሰዎች ናቸው፤ ይሳሳታሉ፣ አንዳንዴም ከስሕተት የከፋ ነገር ይሆናል። በጣሊያን በ2006 እ.ኤ.አ. የዳኞች ምደባ ቅሌት ሲጋለጥ ዩቬንቱስ ሁለት ዋንጫዎች ተነጥቆ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዷል። ስለዚህ «ትልቁን ቡድን የሚጠራጠር ሁሉ ምቀኛ ነው» የሚል ሰው ነገሩን አላስተዋለም፤ ምናልባትም የትልቁ ቡድን ደጋፊ ነው።

ነገር ግን የፍትሕን ቁጣ ከምቀኝነት የምንለይበት አንድ መንገድ ያለ ይመስለናል። በቅዳሜና በእሑድ ማታ በጅማ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚሆነውን እንመልከት። ማንቸስተር ዩናይትድ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ዘመን፣ ከ1993 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. 13 የሊግ ዋንጫዎችን ሲወስድ፣ በከተማችን ያሉት የአርሰናል ደጋፊዎች «ዳኛው ለዩናይትድ ሰዓት ይጨምራል» እያሉ ኖሩ። ከዚያም ማንቸስተር ሲቲ ተነሣና ከ2018 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ባሉት ሰባት የውድድር ዘመናት ስድስቱን አሸነፈ። ሊጉ ራሱ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ የገንዘብ ደንብ ጥሰት ክሶችን አቀረበበት፤ ክለቡም ክሱን አስተባበለ። በዚህ ጊዜ ምን ሆነ? ትናንት ዩናይትድን ሲረግም የኖረው ሰው እርግማኑን ሳይለውጥ አድራሻውን ብቻ ለወጠ። ዩናይትድ ከተዳከመ በኋላ ግን ማንም አይጠላውም፤ እንዲያውም ይታዘንለታል። የተጨመረው ሰዓት ጉዳይም ተረሳ። በፍትሕ መጓደል የተቆጣ ሰው ቁጣው ከበዳዩ ጋር ይቆያል። ምቀኝነት ግን በሰንጠረዡ አናት ላይ ያለውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እየተከተለ ይዞራል። ሁለተኛው መለያ ደግሞ ማስረጃ ሲቀርብ የሚታየው ነው። ፍትሕ ፈላጊው ጥርጣሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እፎይ ይላል፤ ምቀኛው ግን ቅር ይለዋል።

ይህን በሚመለከት በኔዘርላንድስ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ጀርመን በሩብ ፍጻሜው በክሮኤሺያ 3 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች። ኮሊን ሊች የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኔዘርላንዳውያን በዚህ ሽንፈት ምን ያህል እንደተደሰቱ መረመሩ፤ ውጤቱንም በ2003 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ እንዳገኙት፣ ሰዎች የራሳቸው ወገን ያለበትን ዝቅተኛነት ሲያስቡ በተቀናቃኙ ውድቀት የሚሰማቸው ደስታ ይጨምራል። ልብ እንበል፤ ጀርመንን ያሸነፈችው ክሮኤሺያ እንጂ ኔዘርላንድስ አልነበረችም። ደስታው ምንም ያላተረፉበት፣ ቁስላቸውን ለጊዜው ብቻ ያደነዘዘ ደስታ ነበር። ስለ ሌላው የሚመስለው ስሜት በአብዛኛው ስለ ራሳችን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ፤ ይህን ሁሉ ከሊቃውንት መማር ሳያስፈልገን በ2010 ዓ.ም. በቤታችን አይተነዋልና። ከዚያ ቀደም በነበረው ዓመት ጅማ አባ ቡና በፕሪሚየር ሊጉ ተሳትፎ ወዲያው ወደ ታች ወረደ። በዚያው ዓመት ሌላው የከተማችን ቡድን ከታች አደገና በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው በሚታወሱት በአባ ጅፋር ስም ጅማ አባ ጅፋር ተብሎ ወደ ሊጉ ገባ። በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራም፣ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። ለጊዮርጊስ አምስተኛ ተከታታይ ሊሆን የነበረውን ዋንጫ የወሰደው የእኛ ቡድን ነው። የዚያን ዕለት በከተማችን የነበረውን ደስታ ያየ ሰው ለመግለጽ ቃል ያጥረዋል። እኛም አልተረፍንም፤ በማግሥቱ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ላይ የመዘምራኑ ድምፅ ለምን እንደ ጎረነነ ሳንጠይቅ አልፈናል።

ጥቂት ወራት እንኳ ሳያልፉ ግን አዲስ ነገር መስማት ጀመርን። አሁን ስለ እኛ ነበር የሚወራው። በመንገድ ላይ በአንድ ሻይ ቤት ቁርስ እየበላን ሳለ ከጎናችን የተቀመጡ ሰዎች የጅማን ዋንጫ ሲያነሡ ሰማን። አንዱ በገንዘብ ነው አለ፤ ሌላው በውጭ አገር ተጫዋች ነው አለ፤ ሦስተኛው በዕድል ነው አለ። ጥሩ ስለ ተጫወቱ ነው ያለ አልነበረም። ቆሌያችን ተገፈፈ፤ ልንመልስላቸውም አፋችንን ከፈትን። ነገር ግን የምንመልሰው ቃል ሁሉ የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ለዓመታት ሲነግሩን የነበረው ቃል ሆኖ አገኘነው። «ሠርተን ነው ያሸነፍነው» ልንል ነበር፤ ይህንኑ እነርሱ ሲሉን ስቀንባቸው ነበር። ዝም ብለን የሻያችንን ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ከዚያም የሚያሳፍረው ሌላ ነገር አለ። በገዛ ከተማችን የአባ ጅፋርን ድል በሙሉ ልብ ያልተቀበሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በአባ ቡና መውረድ ልባቸው የተሰበረ ነበሩ። በዚያ አንፍረድባቸው። አሪስጣጣሊስም ቶማስም እንዳስተዋሉት ሰው በሩቅ ባለው አይቀናም፤ የሚቀናው በአቻው፣ በጎረቤቱ፣ በወንድሙ ነው። ከቦሳ ኪቶ ተነሥቶ በሪያል ማድሪድ የሚቀና ሰው ለጨዋታ ያህል ነው። በአንድ ገበያ በሚሸምተው፣ በአንድ ወንዝ ማዶ በሚኖረው ሲቀና ግን እውነተኛ ነው። ሳኦል በዳዊት ላይ ዓይኑ የቀላው ዳዊት የጠላት አለቃ ሆኖ ሳይሆን የገዛ ሠራዊቱ ድል አድራጊ ሆኖ ሳለ ነው። ዳዊት ጎልያድን ሲገድል የዳነው የሳኦል መንግሥት ነበር። ንጉሡን ያቃጠለው የሴቶቹ ዘፈን ነው፤ ሁለቱን ስም አስተካክሎ ሳይሆን አበላልጦ የቆጠረው ዘፈን። የሊጉ ሰንጠረዥም ከዚህ ዘፈን ብዙም አይለይም።

በአገራችን ይህ በሽታ ከኳስ በፊት የነበረ፣ ሥር የሰደደ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን «ቡዳ» እያልን ስንሰድብ ለብዙ ዘመን ኖረናል። ማረሻው ካልተሳለ አናርስም፤ ጀበናው ካልተሠራ ቡና አንጠጣም። ግን ሥራቸውን እየተጠቀምን እጃቸውን ፈራን፤ ጥበባቸው ከተሰወረ ክፉ ኃይል እንጂ ከትጋት የመጣ ነው ማለት ከበደን። የሌላውን ችሎታ መቀበል ያቃተው ሰው ከችሎታው በስተጀርባ ሌላ እጅ ይፈልጋል። ዛሬ በኳሱ ሜዳ ዙሪያ «መተት አድርገዋል»፣ «ዳኛው ተገዝቷል» ሲባል ስንሰማ፣ ያቺ ሸክላ ሠሪ ናት በዓይነ ኅሊናችን የምትመጣው። እርሷ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ከኳስ ጨዋታ ጋር ማወዳደር ተገቢ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የእርሷ ልጆች ከሰው ማዕድ ተለይተው ኖረዋል፤ የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። የልብ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

የጥንት የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርኮስ የተረከው አንድ ታሪክም አለ። በአቴና ሕዝቡ በሸክላ ስባሪ ላይ ስም እየጻፈ የማይፈልገውን ትልቅ ሰው ከከተማው ለዓመታት የሚያስወጣበት ሥርዓት ነበር። አሪስጢደስ የተባለ፣ «ጻድቁ» ተብሎ የሚጠራ ሰው በድምፅ መስጫው ዕለት ቆሞ ሳለ፣ መጻፍ የማይችል አንድ ገበሬ ማንነቱን ሳያውቅ ወደ እርሱ ቀርቦ «አሪስጢደስ» ብሎ እንዲጽፍለት ለመነው። ምን በድሎህ ነው ሲለው፣ ምንም እንዳልበደለው፣ እንዲያውም እንደማያውቀው፣ ነገር ግን በየስፍራው «ጻድቁ፣ ጻድቁ» ሲባል መስማት እንደሰለቸው ነገረው። አሪስጢደስም ምንም ሳይናገር የራሱን ስም ጽፎ ሰጠው። ያ ገበሬ ክፉ ሰው አይመስለንም። የሰለቸው ሰው ነበር። ከድል ጥላቻ አብዛኛው በዚህ መልክ የሚጀምር ይመስለናል፤ በደል ስለደረሰብን ሳይሆን ያንኑ ስም ደጋግሞ መስማት ስለሰለቸን። መሰላቸት በራሱ ኃጢአት ተብሎ በየትም አልተጻፈም።

ግን መሰላቸቱ እስከ የት ያደርሳል? በ2009 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ በአፍሪካ የሻምፒዮኖች ሊግ የምድብ ውድድር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የቱኒዚያው ኤስፔራንስና የኮንጎው ቪታ ክለብ በምድቡ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአገራቸውን ክለብ ጨዋታ በቴሌቪዥን እያዩ በባዕድ ቡድን ጎል የተደሰቱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ እናውቃለን። የምናውቀውም ከመካከላቸው አንዱ እኛ ስለነበርን ነው። አልጮኽንም፤ አልዘለልንም፤ ነገር ግን በውስጣችን አንድ ትንሽ ሙቀት ተሰማን። ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጅማ አባ ጅፋር የግብፁን አል አህሊን ሲገጥም፣ በአዲስ አበባ የሆነ ቤት ውስጥ ያቺው ትንሽ ሙቀት ለእኛ ተጠብቃ ይሆን ብለን አሰብን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባን።

ከዚያም የከፋ ጊዜ መጣ። በእነዚያው ዓመታት የቡድን ፍቅር ከብሔርና ከክልል ጥያቄ ጋር ተቀላቅሎ፣ በአንዳንድ ስፍራዎች የጨዋታ ቀን የሥጋት ቀን ሆነ። በ2010 ዓ.ም. በወልድያ ከወልድያና ከመቀሌ ቡድኖች ግጥሚያ ጋር ተያይዞ ግጭት ተነሥቷል፤ ሌሎች ጨዋታዎችም በጸጥታ ሥጋት ምክንያት ወደ ገለልተኛ ሜዳ ተዛውረዋል። በሌላው ሽንፈት የሚሰማ ትንሽ ሙቀት ብቻውን ድንጋይ አያስወረውርም። ድንጋዩን ያነሣው ሰው ግን ከዚያች ሙቀት ሳይጀምር በቀጥታ ድንጋይ ላይ የደረሰ አይመስለንም።

እንግዲህ ለመምህሩ የሰጠነው መልስ ይህን የመሰለ ነበር። ጎል ሲገባብን ሆዳችን መቃጠሉ የሰውነታችን ጉዳይ ነው፤ ለንስሓ አይቀርብም። ተፎካካሪያችን እንዲሸነፍ መመኘትም ጨዋታው ራሱ የሚጠይቀው ነው፤ ማንም ሁለቱም ያሸንፉ ብሎ ስታዲየም አይገባም። ያሸነፈውን ክለብ ሥራ መመርመር፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ የዳኛን ስሕተት ስሕተት ማለትም መብት ነው። ልጁ ራሱን መጠየቅ ያለበት ከፉጨቱ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ማመስገን የሚገባውን ሰው ማመስገን ያቅተዋል ወይ? ያለ ማስረጃ ሰውን ሌባ ይላል ወይ? ያ ቡድን ሲሸነፍ የሚሰማው ደስታ የገዛ ቡድኑ ሲያሸንፍ ከሚሰማው ይበልጣል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎን» የሚል ከሆነ፣ ስለ እርሱ ካህኑን ቢያነጋግር መልካም ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ «አባ፣ እርስዎስ ምን ይመልሳሉ?» አለን። በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ነገርነው።

ልጁም መልሱን ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ አሉን፤ «ጊዮርጊስን መውደድ አለብኝ ማለት ነው?» መምህሩ «አይ፣ እስከዚያ አልተባለም» ብሎ አረጋጋው።

በሰፈራችን አንድ አዛውንት አናጢ አሉ፤ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ ያረጁ፣ በዚህ ሁሉ የቡናና የአባ ጅፋር ደጋፊ መካከል ብቻቸውን የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆኑ። በ2010 ዓ.ም. የሰፈሩ ልጆች በሱቃቸው ደጃፍ እየጨፈሩ ሲያላግጡባቸው ሰነበቱ። እርሳቸውም በሩን ሳይዘጉ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ጅማ ዋንጫውን እንዳነሣ አሠልጣኙ ወደ መቀሌ ሄደው በ2011 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረጉ፤ የእኛ ቡድን ግን ዓመት በዓመት እየደከመ ሄዶ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። በዚያው ዓመት ዋንጫው ተመልሶ የጊዮርጊስ ሆነ። ሊጉ ባበቃ ሰሞን እነዚያው ልጆች፣ አሁን ቁመታቸው ጨምሯል፣ በሱቁ በኩል ሲያልፉ አየናቸው። የሚጠብቃቸውን ስለገመቱ እግራቸውን ፈጠን አደረጉ። አንደኛው ግን ቆም ብሎ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ፤ በግማሽ ልቡ። ሽማግሌው መላጊያውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እናንተንም እግዜር ይመልሳችሁ» አሉና፣ ረጅሙን ሣንቃ በዚያኛው ጫፍ እንዲይዙላቸው ጠሯቸው።